የሩጫ ጓደኛ እንዴት ይፈለጋል?

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሱሉልታ ሜዳ ወጥቼ ከክለብ ልጆች ኋላ መሮጥ ጀመርኩ። ልጆቹ ጨዋዎች ነበሩ። ከሰልፉ መጨረሻ ቦታ ሰጡኝ፤ ሳዘግም «ጋሼ፣ አይዞን! ቅረብ ቅረብ!» ይሉኝ ነበር። እነሱ «ኢዚ» የሚሉት ሩጫ ግን ለእኔ የውድድር ያህል ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ባቴን ያዘኝና ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ ሁለት ወር ያህል ከሩጫ ወጣሁ። የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ጓደኛ ስመርጥ ፍጥነታቸውን ብቻ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሰው ከሰፈሬ የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ የሚኖር የሒሳብ መምህር ነው፤ ይኸው አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ከእሱ ጋር የተማርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ምሳሌዎቼ የአዲስ አበባ ናቸው፤ ሐዋሳም ባሕር ዳርም ያላችሁ የቦታውን ስም ለውጣችሁ አንብቡት። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ የሩጫ ጓደኛ የሚመረጠው በቀላል ቀን ፍጥነቱና ከቤት በሚወጣበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ከገጠሙ ሌላው ሁሉ መላ አለው።

1ኛ፦ የራሳችሁን ልክ እወቁ

ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ሳምንት ብቻችሁን ሩጡና አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት እንደምትችሉ፣ በሳምንት የትኞቹን ቀናት እንደምትሮጡ፣ የቀላል ቀን ፍጥነታችሁን፣ የምትዘጋጁለትን ውድድር።

ሰዓቱን ስትጽፉ እውነቱን ጻፉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የማያውቅ ሰው ጓደኛ ስላገኘ ብቻ በየቀኑ 11 ሰዓት አይነሳም። ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሱ ከሆነ፣ ሥራችሁ በፈረቃ ከሆነ፣ እሱንም ጨምሩ።

የቀላል ቀን ፍጥነት ማለት እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ የምትናገሩበት ነው። «ትናንት ማታ እናቴ ደውላ የእህቴን የሠርግ ወሬ ስታወራኝ አመሸች» ብላችሁ ሳታለከልኩ ከጨረሳችሁ ልካችሁ እሱ ነው። «እናቴ…» ብላችሁ ትንፋሽ ከፈለጋችሁ ቀንሱ። ያንን ፍጥነት በኪሎ ሜትር ያዙት፤ ለምሳሌ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ጓደኛ ፍለጋ ስትወጡ ይዛችሁ የምትወጡት ቁጥር ይሄ ነው፤ የ10 ኪሎ ሜትር ምርጥ ሰዓታችሁ ቤት ይቆይ።

ከውጭ ለመጣ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለገና የመጣ ዘመዳችሁ እዚያ 5 ደቂቃ ከ40 ይሮጥ ስለነበር እዚህም ይችላል ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ባለው ፍጥነት እናንተ ሂዱለት።

2ኛ፦ መንገዳችሁ ላይ ፈልጉ

ብዙ ሰው ጓደኛ የሚፈልገው በስልክ ነው። ቴሌግራም ላይ የሩጫ ቡድኖች አሉ፣ ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይም በሰፈራችሁ የሚሮጠውን ታያላችሁ፤ ይጠቅማሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ዓይን እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ዛሬ እናንተ በምትሮጡበት ቀንና ሰዓት፣ በምትሮጡበት መንገድ የምታገኙት ሰው ከላይ ከጻፋችኋቸው አራት ነገሮች ሁለቱን አሟልቶ ነው የቆመው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሰዓትና ቦታ ሳትቀያይሩ ሩጡ። የማይቀያየረውን ሌላ ሰው የምታዩት ያኔ ነው።

ቦታዎቹ ጠባይ አላቸው። መስቀል አደባባይ እርከኑ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ዓይነት ነው፤ ክብደት ለመቀነስ የመጣ አለ፣ ለውድድር የሚዘጋጅ አለ፣ ጂምናስቲክ ብቻ ሠርቶ የሚሄድ አለ። ለጀማሪ የሚመች ቦታ ነው፤ ማንም ማንንም አይታዘብም፣ መብራትም አለ። ጃን ሜዳ አፈር ስለሆነ ለጉልበት ይስማማል። እዚያ የምታገኙት ሰው ሩጫን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ነው፤ የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር ስሙን ያገኘው ከዚህ ሜዳ እንደሆነ አትርሱ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ደግሞ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ለሚሮጡ ትልቅ ነገር ሆነዋል፤ የቢሮ ሰው እዚያ ይገኛል። እንጦጦ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ የክለብ አትሌቶች አገር ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ለረጅም ሩጫ ሂዱ፣ ነገር ግን የዘወትር ጓደኛ ከዚያ ለማምጣት አትቸኩሉ። የእኔን ባት አስታውሱ።

አንድ ምክር ስለ ወቅቱ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር ላይ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትሩን በደንብ ለመዘጋጀት 12 ሳምንት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ የነሐሴ መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ። ጓደኛ የሚፈለገው ከዚያ ቀድሞ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ጎዳናው በሯጭ ይሞላል፤ አብዛኛው ከኅዳር በኋላ አይታይም። ሐምሌ ላይ ጭቃውን ረግጦ፣ ካፖርቱን ነክሮ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ግን እሱን አትለፉት።

3ኛ፦ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ

በመጀመሪያው ቀን ጭንቅላት መነቅነቅ ይበቃል። በሁለተኛው «ደህና አደርክ?» በሦስተኛው ወይም በአራተኛው፣ ሰውየው ሰውነቱን ሲያፍታታ ወይም ውኃ ሲጠጣ (እየሮጠ ሳለ አታስቁሙት) ቀረብ ብላችሁ በአጭሩ ተናገሩ፦

«ወንድሜ፣ ሁልጊዜ እዚህ አይሃለሁ። እኔም ማክሰኞና ሐሙስ በዚህ ሰዓት ነው የምሮጠው፣ ቀስ ያለች ነገር ናት፣ ኪሎ ሜትሩን በስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ሐሙስ አብረን እንሞክር?»

ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፍጥነቱ፣ አንድ ሙከራ፤ ሁሉም አለበት። «አንድ ቀን አብረን እንሮጣለን» ከተባለ ግን ያቺ አንድ ቀን አትመጣም። በዕድሜ ለሚበልጧችሁ አነጋገሩን ቀይሩት፦ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ሩጫዎን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሐሙስ ከኋላዎ ብከተል ይከብድዎታል?» በ50ዎቹና በ60ዎቹ ያሉ ሯጮች፣ በተለይ በወጣትነታቸው ለሠራዊት ወይም ለፖሊስ ቡድን የሮጡት፣ ፍጥነታቸውን እንደ ሰዓት ይይዛሉ። ለጀማሪ ከእነሱ የተሻለ ጓደኛ አላየሁም።

ወንድ ሆናችሁ ሴት ሯጭ ለመጠየቅ ከፈለጋችሁ፣ ብቻዋን በጨለማ ስትሮጥ አትጠጓት። ሰው ባለበት፣ ብርሃን ከወጣ በኋላ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፤ ዝም ካለች መልሱ ተሰጥቷል፣ ሁለተኛ አይጠየቅም። እህቴ የምትሮጠው ከሁለት ሴቶች ጋር ነው። ሦስት የሆኑት አስበውበት ነው፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ብቻዋን አትቀርም። ጎህ ሳይቀድ ለምትወጡ ሴቶች ሁሉ ይህን አሠራር እመክራለሁ።

4ኛ፦ ሦስት ጊዜ ሞክሩ

አንድ ጊዜ አብሮ መሮጥ ምንም አይነግራችሁም፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው እንግዳ ነው፣ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው። ሦስት የተለያዩ ቀናት ያዙ።

የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ይሁን፣ ከሁለታችሁም ቤት መሃል ላይ በሚገኝ ቦታ። እዚህ የምታዩት አንድ ነገር ነው፦ ግማሽ እርምጃ ይቀድማችኋል? ትከሻ ለትከሻ ከመሆን ይልቅ ሁልጊዜ ጥቂት ፊት የሚሆን ሰው አለ። ስትደርሱበት ደግሞ ይጨምራል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ውጤቱ ግን ቀላሉ ቀን ሁሉ ወደ ውድድር መለወጡ ነው። አንዴ በግልጽ ንገሩት፦ «ትንሽ ቀነስ እናድርግ፣ ወሬ እንድናወራ።» ከቀነሰ ጥሩ ሰው አገኛችሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ከቀደመ ልብ በሉ።

ሁለተኛው ረጅም ሩጫ ነው፤ 1 ሰዓት ከ20 ወይም 1 ሰዓት ተኩል። እዚህ ላይ የምታዩት ሲደክመው የሚሆነውን ነው። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ይነጫነጫል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ወሬው ይመጣል። የትኛው እንደሚስማማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔና መምህሩ ከ12ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አንነጋገርም፤ በዝምታው ተግባብተናል።

ሦስተኛው መጥፎ ቀን ነው። ዝናብ፣ ወይም የሥራ ሳምንት መጨረሻ። ይመጣል? የማይመጣ ከሆነስ ቀድሞ ይነግራችኋል? ከሦስቱ ሙከራ የምትመርጡት አንዱን ብቻ ከሆነ ይህን ምረጡ። ፍጥነት በልምምድ ይስተካከላል፤ ጠዋት በብርድ በር ላይ የሚያስጠብቅ ሰው ግን በአምስት ዓመትም ሲስተካከል አላየሁም።

5ኛ፦ ቃል ተጋቡ

ከሦስተኛው ሩጫ በኋላ ሻይ ቁጭ ብላችሁ እነዚህን ተነጋገሩ፤ ኋላ ቅሬታ የሚያመጡት ሁሉ እነሱ ናቸው። የምንጠባበቀው እስከ ስንት ደቂቃ ነው? (እኛ 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ያለ ቅሬታ ይኬዳል።) መቅረት ካለ እስከ ስንት ሰዓት ይነገራል? (እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፤ ሌሊት የሚመጣ መልእክት አይቆጠርም።) በቀላል ቀን ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው? ለዚህ መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ የዕለቱ ዝግተኛ። ያመመው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ትናንት ብዙ የቆመ፤ እሱ ይወስናል፣ ሌላው አይከራከርም።

«ፍጥነታችን እኩል ባይሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። እኩል መሆን ግድ አይደለም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም፤ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በዚያው ምሽት ሌላ ኢትዮጵያዊም ባዶ እግሩን ሮጦ 7ኛ እንደወጣ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ አበበ ዋቅጅራ ይባላል። ሁለቱን ያዘጋጃቸው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። መጨረሻው መስመር ላይ በሁለቱ መካከል 6 ደቂቃ ገደማ ነበር። በአንድ አሠልጣኝ ሥር አብረው ለመዘጋጀት ግን ያ ልዩነት አልከለከላቸውም።

እኩል ላልሆኑ ጓደኞች ሦስት ዘዴ አለኝ፤ ሦስቱም የሚሠሩት ርቀት ትታችሁ ጊዜ ስትቆጥሩ ነው።

ሄዶ መመለስ፦ ከአንድ ቦታ አብራችሁ ተነሱ፣ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ፍጥነት 30 ደቂቃ ወደ ፊት ሩጡ፤ 30 ሲሞላ ሁለታችሁም ባላችሁበት ዙሩ። ፈጣኑ ርቆ ስለሄደ የሚመለሰውም ከርቀት ነው፤ ዝግተኛው በቅርብ ነው። ፍጥነታችሁን ካልቀየራችሁ መነሻው ላይ አንድ ላይ ትደርሳላችሁ። ፈጣኑ መጨረሻ ላይ ሊደርስባችሁ ሲል ኮቴውን መስማት ብቻ እግር ያፈጥናል። ቦሌ መንገድ ላይ ለዓመታት የሠራነው ይህን ነው፤ እኔ ነኝ ዝግተኛው።

ፋርትሌክ፦ 1 ደቂቃ ፈጣን፣ 2 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ አሥር ጊዜ። በፈጣኗ ደቂቃ እያንዳንዱ የራሱን ይሮጣል። በዝግታው ጊዜ ፈጣኑ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ጓደኛው ይመጣል። የሚቀጥለውን አብራችሁ ትጀምራላችሁ።

በረጅሙ ሩጫ ቀን ደግሞ ፈጣኑ ቀድሞ ተነስቶ 20 ወይም 30 ደቂቃ ብቻውን ይሩጥና ዝግተኛውን ከቤቱ በር ላይ ይውሰደው። የደከመ ፈጣንና ትኩስ ዝግተኛ ጥሩ ይገጥማሉ።

ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ ጎን ለጎን አትሩጡ፤ አንዱ ይምራ፣ ሌላው እግሩን ተከትሎ ይርገጥ። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ አትሌቶቹ በሰልፍ እየተጠማዘዙ ሲወጡ አይታችሁ ይሆናል። መጠማዘዙ ዳገቱን ያለዝበዋል፣ ሰልፉ ደግሞ ከኋላ ላለው ሰው ሐሳብ ያሳርፋል። መሪ የሆነ ሰው ሥር፣ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደዚያ በኩል ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በየ10 ደቂቃው ተለዋወጡ፣ ዝግተኛውም ይምራ። ሁልጊዜ የሚከተል ሰው ፍጥነት መያዝ አይማርም።

ብስክሌት የምትነዱ ካላችሁ የፊተኛው ንፋሱን ስለሚቀበልላችሁ ጓደኛ ከሯጭ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። መመዘኛው ግን ይለያል፦ ቀጥ ብሎ የማይነዳ ወይም ሳይናገር ፍሬን የሚይዝ ሰው ቢፈጥንም ከኋላው አትሁኑ።

6ኛ፦ ጾሙንና ቅዳሴውን አስቡ

አንዱ የሚጾም፣ ሌላው የማይጾም ከሆነ ይህ ከፍጥነት ልዩነት ይበልጥ ያጣላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ ማለት ይቻላል። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጠንካራ ልምምድ ከሠራ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ምንም አይቀምስም፤ ጡንቻው አያገግምም። መምህሩ ሁዳዴን ይጾማል፣ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ጠንካራውን ልምምድ ወደ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ አምጥተን ሠርተን እሱ በቀጥታ ወደ ማዕድ ይሄዳል። ጠዋት የምንሮጠው ቀላሉን ብቻ ነው። ረመዳን ለሚጾም ጓደኛም ተመሳሳይ ነው፤ ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት አጭርና ዝግ ያለ ሩጫ፣ ጠንከር ያለው ከአፍጥር ሁለት ሰዓት በኋላ። በሌላው ጊዜ ግን የሱብሒ ሶላት ሰግዶ የሚወጣ ሰው ከሁሉም ቀድሞ ነቅቶ የሚጠብቃችሁ ጓደኛ ነው።

እሑድ ቅዳሴ የማይቀር ሰው እሑድ ለረጅም ሩጫ አይመችም። ቅዳሜን ያዙ፤ ይህን ከመጀመሪያው ካልተነጋገራችሁ በየሳምንቱ አንዱ የሚያዝን ይሆናል።

7ኛ፦ አንዳችሁ ለሌላው ምን ታውቃላችሁ?

የቤት ሰው ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። አስም፣ የልብ ችግር፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለጓደኛው ይናገር፣ መድኃኒቱ የት ኪስ ውስጥ እንዳለም ያሳይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በሁለታችሁም ስልክ ይኑር።

እንጦጦ ጫካ ሳይነጋ አትግቡ፤ ጅብ አለ። ሁለት ብትሆኑም ብርሃን ጠብቁ። ውሻ ሲመጣባችሁ መሮጥ አቁማችሁ ፊታችሁን አዙሩ፣ ድንጋይ እንደምታነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፤ አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ የሚተው ጓደኛ ካላችሁ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

አንዳችሁ ስትጎዱ ሰዓቱን አትልቀቁት። ባቴ እንደገና ታሞ ስድስት ሳምንት መሮጥ ሲከለክለኝ፣ መምህሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሩጫው በኋላ ወደ ቤቴ እየመጣ 20 ደቂቃ አብሮኝ ይራመድ ነበር። ሳልድን ልሩጥ ስል «አይሆንም፣ ዛሬ እንራመዳለን» ያለኝም እሱ ነው።

8ኛ፦ ስለ ውድድሩ ቀን ቀድማችሁ ተስማሙ

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን፣ እግሩን ታሞ የነበረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሲጠብቁት አይተናል። ኃይሌ በመጨረሻ 5ኛ ወጣ፣ እነሱ ወርቅና ብሩን ይዘው ገቡ። እኔ ያንን ሩጫ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ነገር ግን እኔና እናንተ በውድድር መሃል «ልጠብቀው ወይስ ልሂድ?» ብለን ስንወዛገብ ሁለታችንም ሩጫችን ይበላሻል። ስለዚህ ማታውኑ ወስኑ፦ እስከ ስንተኛው ኪሎ ሜትር አብረን ነን? እኛ በታላቁ ሩጫ ላይ እስከ 6ኛው አብረን ነን። ከዚያ በኋላ አቅም ያለው ይሄዳል፤ የሚቀረው «ሂድ» ይላል እንጂ «ጠብቀኝ» አይልም።

መገናኛ ቦታውንም ያኔውኑ ወስኑ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የስልክ መስመር ይጨናነቃል፣ ሁሉም የለበሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ካናቴራ ነው። «መስቀል አደባባይ እንገናኝ» አይበቃም። የትኛው እርከን፣ በየትኛው ጫፍ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠባበቁ ተነጋገሩ። እኛ ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ነን፤ ቀድሞ የደረሰው ለሁለት ሰው ውኃ ይገዛል።